የካሜራ አካል ምርጫ፦ ለፎቶ ቤትና ለመልክዓ ምድር

በኬንያዋ ሞያሌ፣ እንደ ሌሎቹ የጠረፍ ከተሞች ሁሉ፣ ፎቶ ቤት የሕዝቡ ኑሮ አንድ ክፍል ነው። ለማመልከቻ የሚሆን ጉርድ ፎቶግራፍ የሚፈልግ ተማሪ፣ የሠርጉን መታሰቢያ የሚሻ ሙሽራ፣ ከድንበሩ ማዶ ላለ ዘመድ የልጇን መልክ መላክ የምትፈልግ እናት፣ ሁሉም ወደዚያው ያመራሉ። ይሁን እንጂ ዛሬ ብዙው ሰው በኪሱ በያዘው ስልክ ራሱን በራሱ ስለሚያነሣ፣ ፎቶ ቤት ገበያውን ይዞ ሊቆይ የሚችለው ስልክ የማይሰጠውን ሲሰጥ ነው። ይኸውም በቤት ውስጥ በተገራ ብርሃን የተነሣ የሰው መልክ፣ ከቤት ውጭ ደግሞ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታይ የአገር ገጽታ ነው። ስለዚህ ባለሙያው አሮጌውን ካሜራ በተሻለ ለመለወጥ ማሰቡ አይቀርም።

ነገር ግን ለአንድ አነስተኛ ፎቶ ቤት የካሜራ ግዢ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአያሌ ጉርድ ፎቶግራፎች ገቢ ቀስ በቀስ የተጠራቀመው ገንዘብ በአንድ ቀን ይወጣል። ምርጫው ከተሳሳተ የሚጎድለው የመብራት፣ የሌንስ ወይም የቤት ኪራይ ገንዘብ ነው። የትምህርት ቤት የፎቶግራፍ ክበብም ከተማሪዎች መዋጮ ካሜራ ሲገዛ የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የትኛው ፋብሪካ ይበልጣል የሚለውን ክርክር ማንሣት ሳይሆን፣ ገዢው በምን ሚዛን መመዘን እንደሚገባው ማስረዳት ነው። ሚዛኑም በፊዚክስና በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከምናስተምረው ብዙ የራቀ አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የካሜራ አካል የሚባለው የቱ ነው?

የካሜራ አካል፣ ባለሙያዎች ቦዲ የሚሉት፣ ሌንሱ ሲወልቅ የሚቀረው ክፍል ነው። በውስጡ ብርሃን የሚቀበለው ገጽ ማለትም ሴንሰሩ፣ ብርሃን የሚያስገባውና የሚከለክለው መዝጊያ፣ ማያው፣ ባትሪውና ምስሉን የሚያቀናብረው ክፍል ይገኛሉ። አንድ ፎቶግራፍ እስኪታተም ድረስ ግን በቅደም ተከተል በአምስት ደረጃዎች ያልፋል፤ እነርሱም ብርሃን፣ ሌንስ፣ የካሜራ አካል፣ ምስሉን ማረም እና ኅትመት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ደካማ ከሆነ ሌሎቹ ሊክሱት አይችሉም። ደብዛዛ ሌንስ ያመጣውን ምስል ውድ ሴንሰር አጥርቶ አያወጣውም፤ በፊት ለፊት ብልጭታ ጠፍጣፋ የሆነ ፊትም በአዲስ አካል ብቻ ቅርጹን አያገኝም። ስለዚህ «የትኛውን አካል ልግዛ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ችግሬ ያለው ከአምስቱ በየትኛው ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሁለቱ ሥራዎች ምን ያህል ይቀራረባሉ?

ላይ ላዩን ሲታዩ የፎቶ ቤት ሥራና የመልክዓ ምድር ሥራ የተለያዩ ይመስላሉ። በመሠረቱ ግን ከካሜራው የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም በዝግታ የሚሠሩ ናቸው። በሁለቱም ካሜራውን በባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ማኖር ይቻላል፤ ሁለቱም ዝቅተኛ የብርሃን ስሜት፣ ማለትም አይ.ኤስ.ኦ. 100 ወይም 64 ይመርጣሉ፤ ሁለቱም ዝርዝር ነገርንና ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ሰፊ የብርሃን ልዩነት ይፈልጋሉ። ለኳስ ሜዳ ወይም ለሚበር ወፍ የሚያስፈልገው በሴኮንድ 10 ወይም 20 ምስል የማንሣት ችሎታ ለሁለቱም ብዙ አይጠቅምም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን በስቱዲዮ ሥራዋ የምትታወቀው ኢትዮጵያዊት ፎቶግራፈር አይዳ ሙሉነህ ናት። በ2018 ስለ ውሃ እጦት ባዘጋጀችው ተከታታይ ሥራ፣ በስቱዲዮ የለመደችውን የቀለምና የአቀማመጥ ጥንቃቄ ወደ አፋር ወደ ዳሎል የጨው ሜዳ ይዛ ወጥታለች። እዚያ የመልክዓ ምድሩ ስፋትና የስቱዲዮው ሥርዓት በአንድ ምስል ውስጥ ተገናኝተዋል። ከዚህ የምንረዳው ለሁለቱ ሥራ ሁለት ካሜራ መግዛት ግዴታ አለመሆኑን ነው።

የሚለያዩበትም ነገር አለ። የስቱዲዮ ካሜራ ከፍላሽ መብራቶች ጋር በሚገባ መነጋገር አለበት። የመልክዓ ምድር ካሜራ ደግሞ አቧራን፣ ሙቀትንና ከኤሌክትሪክ መስመር መራቅን መቻል አለበት። እንግዲህ ምርጫውን በአምስት ጥያቄዎች እንመልከት።

1ኛ፦ የሚታተመው ምስል ምን ያህል ትልቅ ነው?

ገዢዎች በመጀመሪያ የሚጠይቁት የፒክስል ብዛትን ነው። በቅርብ ሆኖ ለሚታይ ጥሩ ኅትመት ለአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይበቃል ተብሎ ይታሰባል። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ 3 በ4 ሴንቲሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶግራፍ 354 በ472 ነጥብ፣ ማለትም 167,000 ያህል ፒክስል ብቻ ይፈልጋል። ይህ የአንድ ሚሊዮን ፒክስል አንድ ስድስተኛ ነው። ስለዚህ ለጉርድ ሥራ ሲባል የፒክስል ብዛት መግዛት ትርጉም የለውም።

አሁን ሦስት የኒኮን አካሎችን እናወዳድር። በ2008 የወጣው ዲ90 4,288 በ2,848 ፒክስል ስላለው 36 በ24 ሴንቲሜትር ያህል ማተም ያስችላል። በ2014 የወጣው ዲ750 6,016 በ4,016 ፒክስል ስላለው 51 በ34 ሴንቲሜትር ያደርሳል። በ2017 የወጣው ዲ850 8,256 በ5,504 ፒክስል ስላለው 70 በ47 ሴንቲሜትር ይደርሳል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ ከዲ750 ወደ ዲ850 ስንሄድ የፒክስሉ ብዛት ወደ እጥፍ ሲጠጋ የምስሉ ርዝመት የጨመረው 37 በመቶ ብቻ መሆኑን ነው። ምክንያቱም ስፋት በርዝመት ካሬ ስለሚያድግ ነው። በተጨማሪም ለግድግዳ የሚሆን ትልቅ ምስል ራቅ ተብሎ ስለሚታይ ከ300 ባነሰ ነጥብም ያምራል። ደንበኛው የሚወስደው ከኤ4 ወረቀት የማይበልጥ ከሆነ አሮጌው ዲ90 እንኳ ይበቃዋል ማለት ነው።

2ኛ፦ ካሜራው ከጥቁር እስከ ነጭ ምን ያህል ይይዛል?

ከፒክስል ብዛት ይልቅ ለሞያሌ ባለሙያ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። ብርሃን በእጥፍ በጨመረ ቁጥር አንድ እርከን አለፈ እንላለን። አንድ ሴንሰር ከጥቁሩ ጥላ እስከ ደማቁ ሰማይ ስንት እርከን ዝርዝሩን ሳያጠፋ ሊይዝ እንደሚችል የሚገልጸው መለኪያ የብርሃን ስፋቱ ይባላል። በዝቅተኛ አይ.ኤስ.ኦ. ጥሩ የሚባሉት የዛሬ ሴንሰሮች 14 እርከን ያህል ይይዛሉ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት የሚወስደው መንገድ ዲዳ ጋልጋሉ በተባለው፣ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ በሞላበት ሜዳ ያልፋል። ከማርሳቢት በስተ ምዕራብ ያለው የቻልቢ በረሃ ደግሞ የጨው ቅርፊት የለበሰ ነጭ ሜዳ ነው። ወደ ኢትዮጵያ በኩል ሲታለፍ በቦረና ምድር የሚገኘው ኤል ሶድ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ፀሐይ ሲያቃጥል ከሥሩ ጥቁር ሐይቅ ይዞ ይታያል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ምስል ውስጥ ከሰማዩ ጋር ለመያዝ ሰፊ ሴንሰር ያስፈልጋል።

ፎቶ ቤት ውስጥም ያው ችግር አለ። ጥቁር ፊት በነጭ መጋረጃ ፊት ሲቆም፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሙሽራ ነጭ ቬሎ ከለበሰች ሙሽሪት ጎን ሲሰለፍ ልዩነቱ ከዲዳ ጋልጋሉና ከሰማዩ አያንስም። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንደሆነ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ክፈፉን የሞላውን ነጭ ግድግዳ አመድማ ለማድረግ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ በዚህም የሰውየው ፊት ይጠቁርና ዓይኑና ጉንጩ አይለይም። ይህ የቆዳው ጥፋት ሳይሆን የልኬቱ ነው። መድኃኒቱም መለኪያውን በፊቱ ላይ አነጣጥሮ ማንበብና ባለሙያው ራሱ መወሰን ነው። አሜሪካዊው የመልክዓ ምድር ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ ከፍሬድ አርቸር ጋር በ1940 ገደማ ያዳበረው የእርከን ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነበር፤ የትኛው ክፍል ጥቁር፣ የትኛው ግራጫ፣ የትኛው ነጭ እንደሚሆን የሚወስነው መሣሪያው ሳይሆን ሰውየው ነው።

አዲስ መሆን ወይም ትልቅ ሴንሰር መያዝ ብቻውን ሰፊ የብርሃን ችሎታ ማለት አይደለም። በ2017 የወጣው ካኖን 6ዲ ማርክ 2፣ በ2016 ከወጣውና ሴንሰሩ አነስተኛ ከሆነው ካኖን 80ዲ ይልቅ በዝቅተኛ አይ.ኤስ.ኦ. የብርሃን ስፋቱ ጠበብ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በመሆኑም ስምንና ዋጋን ሳይሆን የተለካውን ውጤት መመልከት ይገባል።

3ኛ፦ ያሉኝ ሌንሶች ከአዲሱ አካል ጋር ይስማማሉ?

ሙሉ ሴንሰር የሚባለው 36 በ24 ሚሊሜትር፣ አነስተኛው ደግሞ በኒኮንና በሶኒ 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው ስፋት ከሁለተኛው 2.4 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ በእኩል አቀማመጥ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። ይህ ጥቅም ግን የሚገኘው ሌንሱ ለዚያ ስፋት የተሠራ ከሆነ ብቻ ነው።

አንድ የሞያሌ ፎቶ ቤት ዲ90 እና ከእርሱ ጋር የተሸጠውን ከ18 እስከ 105 ሚሊሜትር ሌንስ ይዟል እንበል። ባለቤቱ ገንዘቡን ሁሉ ለዲ750 አካል አውጥቶ ያንኑ ሌንስ ቢገጥምበት ምን ይሆናል? ሌንሱ ለአነስተኛ ሴንሰር የተሠራ ስለሆነ ካሜራው መካከለኛውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ይጠቀማል። የሚገኘውም 3,936 በ2,624 ፒክስል፣ ማለትም 10.3 ሚሊዮን ያህል ነው። አሮጌው ዲ90 ግን 12.2 ሚሊዮን ይሰጥ ነበር! ገንዘብ ወጥቶ የምስሉ ፒክስል የሚያንስበት ግዢ እንዲህ ያለው ነው። ስለሆነም የአካሉ ዋጋ ሲሰላ የሌንሱም ዋጋ አብሮ መደመር አለበት።

4ኛ፦ ባለ መስታወት ወይስ መስታወት የሌለው?

ኒኮንም ሆነ ካኖን ከ2020 ወዲህ አዲስ ባለ መስታወት ካሜራ አላወጡም፤ ጥረታቸው ሁሉ መስታወት ወደሌለው ዓይነት ዞሯል። ይህ ማለት ግን ባለ መስታወቱ ሥራ አቁሟል ማለት አይደለም። ይልቁንም ያገለገሉ ጥሩ አካሎች በቀነሰ ዋጋ ይገኛሉ ማለት ነው።

ልዩነቱን በጂኦሜትሪ እንረዳው። በኒኮን ባለ መስታወት ካሜራ ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት 46.5 ሚሊሜትር ሲሆን፣ መስታወት በሌለው የዜድ ዓይነት 16 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የ30.5 ሚሊሜትር ማገናኛ ቀለበት ከተደረገ አሮጌው ሌንስ በአዲሱ አካል ላይ ይሠራል፤ አዲሱ ሌንስ ግን በአሮጌው አካል ላይ ሊሠራ አይችልም። ደግሞም በአካሉ ውስጥ ባለ ሞተር የሚዞሩት የቆዩ ሌንሶች በኒኮን ማገናኛ ላይ በራሳቸው አያነጣጥሩም፤ በእጅ ማነጣጠር ግድ ይሆናል።

መስታወት የሌለው ካሜራ ምስሉ ከመነሣቱ በፊት ብርሃኑን በማያው ውስጥ ያሳያል፤ ይህም በመልክዓ ምድር ሥራ ትልቅ ጥቅም ነው። በስቱዲዮ ግን መዘዝ አለው። ካሜራው ለፍላሽ ሲስተካከል የክፍሉ ብርሃን ስለማይበቃው ማያው ይጨልማል። በዚህ ጊዜ ብርሃኑን አስቀድሞ የሚያሳየውን ማስተካከያ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ካሜራው ተበላሽቷል ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ፍላሹ የሚቀመጥበትንም ቦታ ማየት ይገባል። በቅርብ ዓመታት ከተሠሩ ርካሽ አካሎች አንዳንዶቹ መካከለኛዋ የኤሌክትሪክ መንኪያ ስለሌለቻቸው የተለመደውን የፍላሽ ማስነሻ አይቀበሉም።

ባትሪን በሚመለከት፣ በፋብሪካው መለኪያ ዲ750 በአንድ ሙሌት 1,230 ምስል ሲያነሣ፣ በ2020 የወጣው መስታወት የሌለው ኒኮን ዜድ5 በማያው ሲሠራ 390 ያህል ያነሣል። በሌላ በኩል ዜድ5 በዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ ስለሚሞላ ከመኪና ወይም ከፀሐይ ኃይል ማከማቻ ሊመገብ ይችላል። አቧራን በተመለከተ ደግሞ መስታወት በሌለው ካሜራ ሌንስ ሲወልቅ ሴንሰሩ በቀጥታ የሚጋለጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በነፋስ ሜዳ ላይ ሌንስ ከመቀያየር አንዱን ሌንስ ገጥሞ መውጣት ይሻላል።

5ኛ፦ ያገለገለ ከሆነ ምን ያህል አገልግሏል?

የካሜራ መዝጊያ እንደ መኪና ጎማ ያልቃል። የዲ750 መዝጊያ ለ150,000 ጊዜ ያህል እንዲያገለግል ተፈትኗል። በቀን 100 ምስል የሚያነሣና በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ፎቶ ቤት በዓመት 30,000 ጊዜ ይከፍተዋል። ሻጩ 90,000 ጊዜ የሠራ አካል ቢያቀርብ የሚቀረው 60,000፣ ማለትም የሁለት ዓመት ሥራ ነው። መዝጊያው ከዚያ አልፎም ሊሠራ ይችላል፤ ዋጋው ላይ ስንስማማ ግን ሊታሰብ ይገባል። ከዚህ ሌላ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 16 አጥብቦ ነጭ ግድግዳ ማንሣት የሴንሰሩን ጉድፍ ያጋልጣል። ሞያሌ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ስለዚህ አዲሱ አካል ተገዛ ተብሎ አሮጌው መሸጥ የለበትም። ሠርግ መካከል ካሜራ ቢቆም ሌላ ቀን አይቀጠርም። የግዢውን ደረሰኝና የካሜራውን መለያ ቁጥር መያዝም ድንበር ለሚያቋርጥ ባለሙያ ጠቃሚ ነው።

እንግዲህ ምን እንምረጥ?

ከላይ የያዝነውን ምሳሌ እንፈጽም። ዲ90 ያለው የሞያሌ ፎቶ ቤት ሥራው ጉርድና እስከ ኤ4 የሚደርስ የቤተሰብ ምስል ብቻ ከሆነ፣ ገንዘቡን በሁለት መብራት፣ በብርሃን ማለዘቢያና በጠንካራ ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ቢያውል ይሻለዋል፤ ደንበኛው ልዩነቱን ወዲያውኑ ያየዋል። የጥላው ክፍል እየጠፋበት ከተቸገረና የግድግዳ ምስል የሚገዛው ካገኘ፣ ያገለገለ ዲ750 ከአንድ 50 ወይም 85 ሚሊሜትር የሙሉ ሴንሰር ሌንስ ጋር ለፎቶ ቤቱ ይበቃዋል፤ ለሜዳው ሰፊ ማዕዘን ያለውን ሌንስ በኋላ ይጨምርበታል። ምንም ሌንስ የሌለው ጀማሪ ክበብ ግን እንደ ዜድ5 ባለው መስታወት በሌለው አካል ቢጀምር ወደፊት ሌንስ ለማግኘት አይቸገርም። ዲ850ን የመሰለ አካል የሚያስፈልገው ከግማሽ ሜትር የሚበልጥ ኅትመት በእርግጥ ለሚሸጥ ባለሙያ ነው።

ብርሃኑን ግን ማንም በገንዘብ አይገዛውም። ሞያሌ በሰሜን ኬክሮስ 3 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለምትገኝ በመጋቢት መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ አካባቢ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ትቆማለች፤ ጥላም ከእግር ሥር ይገባል። ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ብትወጣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ለስላሳው ብርሃን አልፏል። ውድ ካሜራ ይዞ በ4 ሰዓት ከሚደርስ ሰው ይልቅ አሮጌውን ይዞ ሳይነጋ ዲዳ ጋልጋሉ ላይ የቆመ የተሻለ ምስል ይዞ ይመለሳል።

ለክፍል የሚሆኑ ሙከራዎች

ሀ/ ተማሪዎች የየራሳቸውን ስልክ ወይም የክበቡን ካሜራ የፒክስል ልክ ፈልገው በ300 ነጥብ ምን ያህል ሴንቲሜትር እንደሚታተም ያስሉ።

ለ/ በአንድ ሳህን ከሰል፣ በሌላው ጨው ተደርጎ እያንዳንዱ ክፈፉን ሞልቶ ለየብቻ ይነሣ። ካሜራው ሁለቱንም ወደ ግራጫ እንደሚጎትታቸው ተማሪዎች ራሳቸው ያያሉ። ቀጥሎ ብርሃኑን በእጅ በማስተካከል ከሰሉን ጥቁር፣ ጨውን ነጭ እንዲያደርጉ ይጠየቁ።

ሐ/ በጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ አምፖል ከፊት 1 ሜትር ቀጥሎም 2 ሜትር ርቆ ይቀመጥ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ አንድ አራተኛ እንደሚቀንስ፣ ይህም ሁለት እርከን መሆኑን ከምስሎቹ ያረጋግጡ።

እነዚህን ሦስቱን በእጁ የሠራ ተማሪ ነገ ፎቶ ቤት ቢከፍት፣ ከሻጭ ፊት ሲቆም የሚጠይቀውን አያጣም።